ብርድ የሚተኛበት ጓሮ፦ ሱሉልታ ውስጥ አንድ የአትክልት ቦታ ሁለት በጋ እንዴት እንዳለፈ

ለምን ተጻፈ

አዲስ አበባ ዳርቻ ጓሮ የሚያለማ ሰው ስለ ክረምቱ ጭቃና ስለ በጋው የውሃ እጥረት ሲያወራ ይውላል። የበጋውን ብርድ የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው፤ እሱም ጎመኑ ላይ አመዳይ ካየ በኋላ። የሚያሳዝነው ብርዱ የሚበረታው አትክልት በጣም በሚፈለግበት ጊዜ መሆኑ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ካሮቱ፣ ቃሪያው በየቤቱ የሚፈለገው በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ከፍተኛ ሜዳዎች ውርጩ የሚወድቀውም በእነዚያው ሳምንታት ነው።

እዚህ የምጽፈው አንድ ቤተሰብ የ2014ን እና የ2015ን በጋ ሱሉልታ ውስጥ እንዴት እንዳሳለፈ ነው። እኔ አትክልትና ችግኝ በማፍላት ሥራ ብዙ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቤተሰቡም ጎረቤቶቼ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ከሰጠኋቸው ምክር አንዱ ጉዳት አድርሷል፤ እሱንም አብሬ ጽፌዋለሁ። የማንንም ስም አልጠቅስም። የጓሮውን ባለቤት ሰፈሩ እንደሚጠራቸው እትዬ እላቸዋለሁ። አብሯቸው የሚኖረው የእህታቸው ልጅ በጊዜው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

ቦታው

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ናት። ሜዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ በጋ ላይ ደግሞ ድርቆሽ ይታጨድበታል። የእትዬ ቤት ያለው ሜዳው ላይ ሳይሆን ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ሜዳው በሚወርደው ለስላሳ ዳገት ላይ ነው። መሬቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያዘቀዝቃል። ቤቱና ማድ ቤቱ ከላይ፣ የአትክልቱ ቦታ ከታች ነው። የአትክልቱ ቦታ 12 ሜትር በ15 ሜትር ይሆናል። አፈሩ ዋልካ በመሆኑ እትዬ ገና ሲጀምሩ ፍግና አሸዋ ቀላቅለው መደቦቹን ከፍ አድርገው ሠርተዋቸዋል።

እዚያ ላይ የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ያበቅላሉ። ከዚያ ውጭ ግን ልባቸው ያለው ቅጠላ ቅጠሉ ላይ ነው፦ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ድንብላል፣ ጠጅ ሳር፣ ሮዝመሪ። በሶብላውንና ኮሰረቱን ለበርበሬና ለቅቤ ማንጠሪያ የሚወስዱ ደንበኞች አሏቸው። ገና ሲቃረብ ኮሰረት ፍለጋ በራቸውን የሚያንኳኳው ሰው ብዙ ነው።

ከ2014 በፊት በነበሩት ሁለት በጋዎች ብርዱ ቃሪያውን ጫፍ ጫፉን ከመላስ ያለፈ ጉዳት አላደረሰም። በ2013 ግንቦት ላይ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ከታች በኩል የነበረው የባሕር ዛፍ እንጨት አጥር በመበስበሱ ተነሥቶ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት ግንብ ተሠራ። በጊዜው ሁላችንም ደስ አለን። የመንገዱ አቧራ ቀረ፣ የሰው ፍየል መግባቱ ቀረ። ግንቡን ከአትክልቱ ጋር ያገናኘው ማንም አልነበረም።

የኅዳር 18 ማለዳ

ኅዳር 17 ለ18 አጥቢያ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ንፋስም አልነበረም። ጧት 1 ሰዓት ላይ ልጁ በሬን አንኳኳና «እትዬ ይጠሩዎታል፣ ጓሮው ነጭ ሆኗል» አለኝ።

ስደርስ እትዬ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከታችኛው መደብ ራስ ላይ ቆመዋል። በሶብላው ላይ ያለው አመዳይ እንደ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። የአንዱን ቅጠል ጫፍ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ ወረቀት ጠጠረብኝ። ፀሐይዋ ወጥታ አመዳዩ ሲቀልጥ ያው ቅጠል በዓይናችን ፊት እየለሰለሰ፣ እየጠቆረ፣ ውሃ እንደ ነካው ሻይ ቅጠል ወደ ታች ተንጠለጠለ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እትዬ ምንም አልተናገሩም፤ ዝም ብለው ቅጠሉን ከግንዱ ላይ ማንሳት ጀመሩ።

በዚያ አንድ ሌሊት የበሶብላው መደብ ሙሉ በሙሉ፣ ቃሪያው ከሞላ ጎደል፣ ከሰላጣው ደግሞ ግማሽ ያህሉ ጠፋ። ጠጅ ሳሩ ገለባ መሰለ። የሐበሻ ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጤና አዳሙና ጦስኙ ቆመው አደሩ። በመጀመሪያው ቀን ልብ ያላልነው ነገር የጉዳቱ ቦታ ነው። ከላይ፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ በጣሳ የተተከለ አንድ እግር በሶብላ ነበረ፤ እሱን ብርዱ አልነካውም። ዘሩ አንድ፣ የተተከለበት ጊዜ አንድ፣ ርቀቱ ከ20 ሜትር አይበልጥም።

የተሞከረው ሁሉ

የሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት የድንጋጤ ጊዜ ነበሩ። የተደረገውን እንዳለ ላስቀምጥ።

እትዬ መጀመሪያ የተቃጠለውን ሁሉ ቆረጡ። ቃሪያውን ከግንዱ አጋማሽ፣ በሶብላውን ከሥሩ ከፍ ብሎ ከርክመው አጸዱ። ይህ ማንም የሚያደርገው ነው፤ የሞተ ቅጠል ማየት ያሳዝናል። ነገር ግን የሞተው ቅጠል ከሥሩ ላለው ሕያው ግንድ ብርድ ልብስ ነበር። ሁለተኛው ውርጭ ታኅሣሥ 6 ሲመጣ ራቁቱን የቀረው የቃሪያ ግንድ እስከ ሥሩ ነደደ። ከአጥሩ ጥግ ሳይቆረጡ የተረሱት ሦስት እግር ቃሪያዎች ግን በመጋቢት ከሥራቸው አቆጠቆጡ።

ቀጥሎ ጭስ ተሞከረ። ልጁ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥቶ እርጥብ ቅጠልና ኩበት እያጨሰ እስኪነጋ ጓሮው ውስጥ ቆየ። ዓይኑ ቀልቶ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ሰላጣው ግን ከመቃጠል አልዳነም። ጭስ እንደ ደመና አይደለም። ደመና ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ይመልሳል፤ የእንጨት ጭስ ያን ያህል አይዝም። ከእሳቱ የሚወጣው ሙቀት ቢሆን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

የላስቲክ ሽፋንም ተሞከረ። ግልጽ ላስቲክ ተገዝቶ በቀጥታ ሰላጣው ላይ ተዘረጋ። ላስቲኩ የነካው ቅጠል ሁሉ ተቃጠለ፤ ያልነካው ተረፈ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጧት ሳይነሳ እስከ 4 ሰዓት ስለቆየ ውስጡ እንደ ምድጃ ግሎ የተረፈውን አጠወለገው።

አራተኛው የእኔ ምክር ነው። «አፈሩን በገለባ አልብሱት፣ ሥሩ ይሞቃል» አልኩ። በአንዱ የቆስጣ መደብ ላይ አንድ ክንድ የሚጠጋ ደረቅ ገለባ ተጎዘጎዘ፤ ጎኑ ያለው መደብ ባዶውን ቀረ። ታኅሣሥ 6 ጧት ገለባ የለበሰው መደብ ላይ ያለው ቆስጣ ከባዶው የበለጠ ተጎዳ። ይህ ብዙ አስጨነቀኝ፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። አፈር ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይተነፍሳል፤ ቅጠሉን የሚያድነው ያ ትንፋሽ ነው። ደረቅ ገለባ ቀን ፀሐዩ ወደ አፈሩ እንዳይገባ፣ ሌሊት ሙቀቱ እንዳይወጣ ይከለክላል። ሥሩ ይሞቃል፤ ቅጠሉ ግን ከገለባው በላይ ብቻውን ይበርደዋል። ለነጭ ሽንኩርት፣ ለካሮት ጉዝጓዝ መልካም ነው። በውርጭ ወር ለቅጠል አትክልት ግን ከዚያ ወዲህ አልመከርኩም።

ዩሪያም አለ። እትዬ በጥቅምት መጨረሻ ለጾሙ እንዲደርስላቸው ብለው ሰላጣውና ቆስጣው ላይ ዩሪያ ነስንሰው ነበር። ቅጠሉ አምሮበት፣ ሰፍቶ፣ ለምልሞ ነበር። እንዲህ ተቻኩሎ ያደገ ለስላሳ ቅጠል ውሃ ስለሚበዛበት ብርድን አይችልም።

ጭሱ የተኛበት ቦታ

ነገሩን የፈታው ልጁ ነው። ከሁለተኛው ውርጭ በኋላ አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ከላይ ያለው የጣሳ በሶብላ ለምን እንደተረፈ ስናወራ፣ «በኅዳር ሚካኤል ጭሱ እኮ እታች ተኝቶ ነበር» አለ።

ኅዳር 12 ኅዳር ሲታጠን የቤቱ ጥራጊ ጎህ ሲቀድ ከማድ ቤቱ ጎን ተቃጥሎ ነበር። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ በየሰፈሩ የሚደረገው ነው። ልጁ እንደነገረን ጭሱ ወደ ሰማይ አልወጣም፤ በመሬት ላይ እየተሳበ በመደቦቹ መካከል ወርዶ ግንቡ ሥር ሲደርስ ቆመ። ከዚያ እያበጠ መጥቶ ጉልበት ደረሰ።

ያንኑ ምሽት ደገምነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከላይኛው መደብ ራስ አንድ እፍኝ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል በፍም ላይ አደረግን። ጭሱ መጀመሪያ አንድ ክንድ ያህል ወጣና ጎበጠ፤ ከዚያ መንገድ እንደሚያውቅ ሰው በመደቦቹ መሄጃ ቁልቁል ወረደ። ግንቡን ሲመታ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ግራና ቀኝ ተንሸራቶ ማዕዘኖቹን ሞላ። የባትሪ መብራት ስናበራ እንደ ወተት የተኛ ነጭ ነገር ይታያል፤ ከፍታው ከወገብ በታች ነው። እትዬ እጃቸውን ወደ ውስጡ ዝቅ አደረጉና «እዚህ ይበርዳል» አሉ። እኔም አደረግኩ፤ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል።

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ ከመሬቱ ጋር የተነካካው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ እንደ ውሃ ዝቅ ወዳለው ይፈስሳል። ከእንጦጦ ግርጌ የሚወርደው ብርድ ድሮ በባሕር ዛፉ አጥር ክፍተቶች አልፎ ወደ ሜዳው ይሄድ ነበር። የብሎኬቱ ግንብ ግድብ ሆነበት፤ ጓሮው ኩሬ ሆነ።

ቀደም ሲል ያንን መሬት ያርሱ የነበሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ይህን ስንነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም። «ድሮም ብርዱ ወደ ታች ነው የሚሄደው» አሉን፤ «በበጋ ከብቶቻችን ሲመሽ ወደ ላይ ነው የሚወጡት፣ እታች አይተኙም ነበር።» ከሁሉ አስቀድመን እሳቸውን ብንጠይቅ ኖሮ አንድ ዓመት እናተርፍ ነበር።

ለማረጋገጥ ሦስት ርካሽ ቴርሞሜትሮች ተገዙ። አንዱ በረንዳው ግድግዳ ላይ በቁመት ልክ፣ አንዱ መካከለኛው መደብ ላይ፣ አንዱ ግንቡ ሥር ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ልጁ ጧት ጧት 12 ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ከሁሉ የሚጸናበት ሰዓት ስለሆነ፣ በደብተሩ ይመዘግብ ጀመር። በአንዱ የታኅሣሥ ጧት በረንዳው 4 ዲግሪ፣ መሐሉ 1 ዲግሪ፣ ግንቡ ሥር ከዜሮ በታች 2 ነበር። በረንዳው ላይ 4 ዲግሪ ያየ ሰው «ውርጭ የለም» ብሎ ይተኛል። ጥርት ባሉ ሌሊቶች በበረንዳውና በግንቡ ሥር መካከል ያለው ልዩነት ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ግንቡ ተበሳ

እትዬ መጀመሪያ አልተስማሙም። ገና ዓመት ያልሞላው ግንብ፣ በተቆጠበ ገንዘብ የተሠራ፣ እንዴት ይፈረሳል? ሌባውስ? ውሻውስ? ልክ ነበሩ፤ ችላ የሚባል ሥጋት አይደለም። የተስማማነው ሳይፈርስ እንዲበሳ ነው። በ2014 መጨረሻ ግንበኛ መጥቶ ከሥር ያሉትን ብሎኬቶች በስድስት ቦታ አወጣ። እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ብሎኬት ወርድ፣ የሁለት ብሎኬት ቁመት አለው፤ 40 ሴንቲ ሜትር በ40 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በብረት ዘንግና በወፍራም ወንፊት ሽቦ ተዘጉ። ምሰሶዎቹ አልተነኩም። ከሁሉ ዝቅ ባለው ማዕዘን ላይ ያለው የቆርቆሮ በር ደግሞ ወጥቶ በፍርግርግ ብረት በር ተተካ። ወጪው በአብዛኛው ይኼ በር ነው፤ ቀዳዳዎቹ የአንድ ቀን የግንበኛ ዋጋ ነበሩ።

ከግንቡ ውጭ የመንገድ ቦይ ስላለ ብርዱ የሚሄድበት አለው። ታች ጎረቤት ቢኖር ኖሮ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልግ ነበር፤ ብርዱን ወደ ሰው ጓሮ መልቀቅ አይገባም።

ሌላው ለውጥ ያለ ወጪ የተደረገ ነው። እትዬ ለአንዲት ላማቸው የሚገዙት ድርቆሽ ድሮ ታች ግንቡ ሥር ይከመር ነበር። ወደ ላይ ተዛውሮ ከአትክልቱ በላይ በኩል እንደ ግድግዳ በረጅሙ ተከመረ። ከዳገቱ የሚወርደው ብርድ ድርቆሹን ሲያገኝ ወደ ጎን ዞሮ በመሄጃው በኩል እንዲያልፍ ማለት ነው። ከላይ መዝጋት፣ ከታች መክፈት፤ እኛ ሳናውቅ የሠራነው ግልባጩን ነበር።

ሁለተኛው በጋ

በ2015 ሥራው ከነሐሴ ጀመረ። በብርድ ወር እድገት ስለሚዘገይ በጥቅምት የተተከለ ጎመን ለጾሙ አይደርስም። ችግኙ በነሐሴ ፈልቶ በመስከረም አጋማሽ ወደ መደብ ተዛወረ፤ ኅዳር ሲገባ ሥር ሰዶ ጠንክሮ ነበር። ዩሪያ ከመስከረም በኋላ አልተነካም፤ ኮምፖስት ብቻ።

አተካከሉም ተቀየረ። ታችኛዎቹ ሁለት መደቦች ብርድ ለሚችሉት ተሰጡ፦ የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት። ቆስጣና ቀይ ሥር መሐል፣ ሰላጣና ድንብላል ከላይ ሆኑ። ቃሪያው ከመደቡ ጨርሶ ወጥቶ በባልዲ ተተክሎ ደቡብ የሚያየው የማድ ቤት ግድግዳ ሥር ተደረደረ። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ያ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ማታ ደግሞ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይሰጣል።

ውሃ ማጠጣት ከምሽት ወደ ረፋድ ተዛወረ፤ ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይበልጥ የፀሐይ ሙቀት ይይዛል። ምሽት የሚጠጣ ግን ቅጠሉ እንደረጠበ ያድራል።

ሽፋኑ አንሶላ፣ አሮጌ መጋረጃና ማዳበሪያ ከረጢት ሆነ። እርጥብ የባሕር ዛፍ ዘንግ ጎብጦ በመደቡ ላይ እንደ ቅስት ተተከለ፤ ጨርቁ ቅጠሉን ሳይነካ በቅስቱ ላይ ወድቆ ጠርዙ በድንጋይ መሬት ላይ ተያዘ። ጠርዙ መሬት መንካቱ ዋና ነገር ነው፤ የሚሞቀው ከአፈሩ በሚወጣው ሙቀት ነውና። በሰላጣው መደብ ላይ ከቅስቱ ሥር 20 ሊትር የሚይዙ ሁለት ጀሪካኖች ውሃ ተሞልተው ይቀመጡ ነበር። ቀን ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሌሊት ውስጡን ያሞቃሉ።

መቼ እንደሚሸፈን የሚወስኑት እትዬ ናቸው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ደጃፍ ይወጣሉ። ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ቅጠል ካልተንቀሳቀሰ፣ እስትንፋሳቸው ከታየ «አልብሱ» ይላሉ። ደመና ካለ ወይም ንፋስ ከነፈሰ ይተኛሉ። በዚያ በጋ 14 ጊዜ አልብሰዋል፤ በልጁ መዝገብ መሠረት በዘጠኙ ላይ ግንቡ ሥር ያለው ቴርሞሜትር ከ2 ዲግሪ በታች ወርዷል። ጧት 2 ሰዓት ላይ ሽፋኑ ይነሳል። ይህ ያለ ማመንታት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። አንዱን ዓመት ከሌላው ዓመት በብርዱ ማወዳደር አይቻልም፤ ዓመቱ ራሱ ይለያያል። ስለዚህ ያወዳደርነው በበረንዳውና በግንቡ ሥር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በመጀመሪያው በጋ ወደ 6 ዲግሪ የነበረው በሁለተኛው በጋ በተመሳሳይ ጥርት ባሉ ሌሊቶች 3 አካባቢ ሆነ። ምሽት ላይ የጭሱን ነገር ስንደግመው ጭሱ ግንቡ ሥር ደርሶ ጥቂት ከተከማቸ በኋላ በቀዳዳዎቹና በፍርግርጉ በኩል እየተሳበ ወደ ቦዩ ወጣ። ኩሬው አልጠፋም፤ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ።

ጾሙ ሲገባ ጎመኑና ቆስጣው ሙሉ ነበር። ታችኛው መደብ ላይ ቀለል ያለ አመዳይ የነካው ጎመን ከሌላው ይልቅ ይጣፍጥ እንደነበር ደንበኞቹ ራሳቸው መሰከሩ። ጎመንም ካሮትም ብርድ ሲሰማቸው ስኳር ያከማቻሉ፤ ያ ስኳር ውስጣቸው በረዶ እንዳይሠራ ይጠብቃቸዋል፤ ለእኛም ጣዕም ይሆናል።

ቅጠላ ቅጠሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እትዬ ጓሮውን የሚወዱት በዚህ ነው።

ጦስኝ፣ ጤና አዳምና ሮዝመሪ ምንም አልፈለጉም። ጦስኝ ራሱ የደጋ ተክል ነው። እነዚህን የሚገድላቸው ከብርዱ ይልቅ እርጥበት ነው። ሥራቸው ዋልካ ውስጥ ውሃ ሲያቁር ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ጠጠር በበዛበት ከፍታ ላይ ተተከሉ።

ኮሰረት መካከለኛ ነው። በመጀመሪያው በጋ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ጠቁሮ በየካቲት ከእንጨቱ አቆጠቆጠ። ችግሩ ሰዉ የሚፈልገው በታኅሣሥ መሆኑ ነው። በሁለተኛው በጋ እትዬ ግማሹን በጥቅምት አጋማሽ አጭደው በጥላ አደረቁት፤ ግማሹን በጨርቅ ሸፍነው አቆዩት። ለገናው ቅቤ የደረቀውም ያልደረቀውም ነበራቸው።

ጠጅ ሳር ውርጭ ሲነካው ሙሉ በሙሉ ገለባ ይመስላል፤ ሰው ሞተ ብሎ ይነቅለዋል። እትዬም አንዱን ነቅለው ነበር። ሁለተኛውን እስከ የካቲት ታግሠው በአንድ መዳፍ ቁመት ሲቆርጡት ከሥሩ መጣ።

በሶብላን ግን ማታለል አይቻልም። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ማደጉን ያቆማል፤ ውርጭ ካገኘው በአንድ ሌሊት ያልቃል። ስለዚህ እትዬ ከበሶብላ ጋር መታገል ትተዋል። በጥቅምት መጨረሻ አበባውና ፍሬው እንዳለ ከነግንዱ ያጭዱትና በትንሽ በትንሹ አስረው ማድ ቤት ጣሪያ ሥር ይሰቅሉታል። የሚያዘው ዘር የሚወሰደው ከመጀመሪያው አበባ ነው። ጥቂት እግር ብቻ በጣሳ ሆነው የማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያድራሉ፤ በብርዱ ሌሊት ወደ ውስጥ ይገባሉ። ማድ ቤቱ በር ሲከፈት የሚመጣው ሽታ ከዚያ ነው።

ያልተሳካው

በታኅሣሥ አጋማሽ እትዬ ሩቅ ለቅሶ ሄደው ልጁም አብሯቸው ነበር። የዚያን ሌሊት የሸፈነ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩትም። ሰላጣው ተቃጠለ። ማልበስ የሚሠራው ሰው ቤት ሲኖር ነው፤ ግንቡ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ሰው ኖረም አልኖረም ይሠራሉ።

ክሽክሽ የሚባለው፣ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይም አለ። በጨርቁ ሥር ያለው ሙቀት ለጎመኑ እንደተመቸው ለክሽክሹም ተመቸው። የሳሙና ውሃና አመድ ተሞክሯል፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በተለይ ጥቅል ጎመኑ ልቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ምንም ማድረግ አልተቻለም። አሁን ጥቅል ጎመኑን አናለብሰውም፤ ብርዱን ይችላል።

ቲማቲምም ተሞክሮ ነበር፤ በባልዲ፣ ግድግዳ ሥር። አልሞተም፤ ፍሬውም አልቀላም። እስከ የካቲት አረንጓዴውን ቆየ።

ለሌላ ጓሮ የሚሆነው

ሽፋን፣ ላስቲክ፣ ጀሪካን ከመግዛት በፊት ብርዱ ከየት መጥቶ የት እንደሚተኛ ማወቅ ይቀድማል። ይህን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ከጥቅምት ወዲያ ጥርት ባለ፣ ንፋስ በሌለበት ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከጓሮው ከፍ ባለው ጫፍ ጥቂት ፍም ላይ እርጥብ ቅጠል አድርጎ ጭሱን መከተል ነው። ጭሱ የቆመበት ቦታ ላይ በሶብላም ቃሪያም አይተከልም። የቆመው በግንብ፣ በቆርቆሮ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ምክንያት ከሆነ ደግሞ ያንን ከሥሩ መክፈት ይቻል እንደሆነ ማየት ነው። ዳገት ላይ ያለ ጓሮ ሁሉ ይህ ይመለከተዋል። መሬቱ ጨርሶ ሜዳ ከሆነ ግን ቀዳዳ ብዙ አይረዳም፤ የሚፈስበት የለውምና፤ እዚያ ያለው ምርጫ ሽፋንና ብርድ የሚችል ተክል ነው።

ቴርሞሜትር የሚያስቀምጥ ሰው ቅጠሉ ባለበት ከፍታ ያስቀምጥ። የበረንዳ ቁጥር የሰው ብርድ እንጂ የሰላጣ ብርድ አይደለም።

የተቃጠለውን ቅጠል እስከ ጥር መጨረሻ አትንኩት። ለእትዬ ይህን መቀበል ከሁሉ ከብዷቸው ነበር፤ ባለፈው ግን የጎረቤት ልጅ የቃሪያውን ጥቁር ቅጠል ሊያራግፍ ሲል «ተወው፣ ልብሱ ነው» ሲሉት ሰማሁ።

ከእኛ በላይ በኩል አዲስ ቤት እየተሠራ ነው። ባለቤቱ የግንብ አጥሩን መሠረት ሲያስቆፍር እትዬ ሄደው አነጋገሩት። ግንበኛው በመጀመሪያው ረድፍ ላይ በየሦስት ሜትሩ አንድ ብሎኬት ሳያስገባ እየዘለለ ገንብቷል።